የሰኔ ዋንጫና የመስከረም ሚዛን

የሰኔ ወር በገባ ቁጥር በለቡ መብራት ኃይል ከአስፋልቱ ዳር የተደረደሩት ሱቆች መልካቸውን ይለውጣሉ። ለወትሮው ደብተርና እስክሪብቶ ይታይበት የነበረው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መስኮት የወርቅ ቀለም በተቀባ ዋንጫ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ በተንጠለጠለበት ሜዳሊያና ክፈፍ በገባለት የምስክር ወረቀት ይሞላል። ልብስ ሰፊው የመመረቂያ ካባ ያከራያል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከመደብሩ በር ላይ የሰው ሠራሽ አበባ ያቆማል፤ አታሚው የተማሪዎችን ፎቶግራፍ በትልልቅ ሸራ ላይ እያተመ ሌሊቱን ያነጋል፤ ድንኳንና ወንበር አከራዩም ቅዳሜና እሑዱ ሁሉ አስቀድሞ ተይዞበታል። የዚህ ሁሉ ግርግር ምክንያት የትምህርት ዘመኑ ማለቁና የወላጆች ቀን መድረሱ ነው።

ይህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ በሕዝብ አንደበት በሚታወቅበት ስም የሚጠራ ሰፈር፣ ለዕቃ አስመጪዎች እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያ በዚሁ አቅጣጫ ይገኛል፤ የጭነቱ ሥራ በእንዶዴ ቢከናወንም የሰፈሩ ስም ከባቡሩ ስም ጋራ አብሮ ይነሣል። ከመደብሮቹ መስኮት የሚያንጸባርቀው ዋንጫና ሜዳሊያም አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት በዓል ለወላጅና ለመምህር የደስታ ቀን እንደ ሆነ ሁሉ ለነጋዴው አንድ የገበያ ወቅት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህንንም ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ይሁን እንጂ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሚመሰክር ማወቅ ልማዱ ነው። ቡና ላኪው ናሙናው ሳይቆላ፣ ሳይፈጭና ሳይቀመስ በጆንያው ላይ «አንደኛ ደረጃ» ብሎ አይጽፍም፤ ቢጽፍም ከባሕር ማዶ የሚጠብቀው ቀማሽ ያጋልጠዋል። በሰኔ የሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋንጫ ግን እንዲህ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ሜዳ ላይ ስሙ ተጠርቶ፣ እናቱ እልል ብላ፣ አስተማሪው አቅፎት፣ ዋንጫውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ትልቁ ሚዛን ከመነሣቱ በፊት ነው። የ2016 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ውጤት የታወቀው በጳጉሜን፣ የ2017ቱም አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ በመስከረም ነበር። በሰኔ የተሰጠው ክብር በመስከረም ይጸናል ወይም ይፈርሳል ማለት ነው።

የተማረን ልጅ በአደባባይ ማክበር በአዲስ አበባ የቆየ ሥርዓት ነው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት በበላይነት ይመሩት የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ በእንግሊዝና በሕንድ አገር ተምረው በሕክምና የታወቁ ሰው ለሕፃናት ትምህርት ቤት ራሳቸውን መስጠታቸው በዚያ ዘመን ለአስተማሪነት ይሰጥ የነበረውን ክብር ያሳያል። ከነፃነት መመለስ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ለተማሪዎች ሽልማት በእጃቸው ይሰጡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። የንግድ ሰዎችም ከዚህ አልራቁም፤ የአዲስ አበባ አርመኖች ትምህርት ቤት ዛሬም ድረስ የሚጠራው ባሠራው በትምባሆ ነጋዴው በማቲግ ኬቮርኮፍ ስም ነው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የንግድን ማኅበር የሚመለከተው ግን በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጠላት ከተባረረ ሁለት ዓመት አልሞላም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በዚያው በ1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ገዥውም አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ፤ በ1939 ዓ.ም. የንግድ ምክር ቤቱ በሕግ ተቋቋመ። ይህ ሁሉ መሥሪያ ቤት ሲከፈት ጠረጴዛው ነበረ፤ ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጠው ሰው ግን ጥቂት ነበር። የባንክ መዝገብ የሚይዘው፣ የዕቃ ዝርዝር የሚጽፈው፣ ወደ ኤደንና ወደ ቦምቤይ የሚላከውን የንግድ ደብዳቤ የሚያዘጋጀው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ይህን ወንበር በአገር ልጅ ለመሙላት ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት ለጌጥ የሚሆን አልነበረም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የአጭር ጽሕፈት፣ የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ ይማሩ ነበር። የነዚህ ትምህርቶች ጠባይ ደግሞ ማንንም የማያሳስት ሚዛን በውስጣቸው መኖሩ ነው። የጽሕፈት መኪና ተማሪ በደቂቃ ስንት ቃል እንደ ጻፈ በሰዓት ይለካል፤ ስሕተቱም በቀይ ቀለም ይቈጠራል፤ የአስተማሪ ርኅራኄ ቃሉን አያበዛለትም። የሒሳብ መዝገብ ተማሪም ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ካልመጣለት አባቱ ማንም ይሁን ማን አልመጣለትም። አንዲት ሳንቲም ስትጎድል ሌሊቱን ሙሉ መዝገቡን እያገላበጠ መፈለግ የለመደ ልጅ በኋላ በባንክ ወይም በዕቃ ማከማቻ ሲቀጠር ቀጣሪው ስለ እርሱ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም ነበር። ፈተናው በየማለዳው በቢሮ ይደገማልና።

የትምህርት ቤቱ ክብር ከዚህ የመጣ ነው። ዋንጫ ያበዛ ትምህርት ቤት ስለ ነበር አይደለም፤ ወረቀቱ የሚናገረውና ልጁ የሚሠራው አንድ ስለ ነበር ነው። በ1952 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ያረቀቁት የንግድ ሕግ ወጥቶ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ግዴታ ሲጣልበትም፣ ይህን ግዴታ የሚፈጽሙለት ወጣቶች ከዚሁ ትምህርት ቤት ይወጡ ነበር። ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በአዲስ ተተክቷል፤ ትምህርት ቤቱም ከጊዜ በኋላ ኮሌጅ ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገብቷል።

ከዚያ ቤት የወጣው ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ እንዳይመስል አንድ ስም መጥራት ይበቃል። ባለቅኔውና የቲያትር ደራሲው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ቀጥሎ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በአሜሪካ በቺካጎ ሕግ አጠና። የኢትዮጵያን ቲያትር ከፍ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በወጣትነቱ በንግድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ መቀመጡ ለነጋዴዎች ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ የተሸለመው የሰጡት ሰዎች ችሎታውን ስላዩ ነው፤ ሽልማቱም ለግድግዳ የሚሰቀል ሳይሆን ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ሚዛን እንመለስ። ለብዙ ዓመት የአገር አቀፉ ፈተና እምነት እየጎደለው መምጣቱን ወላጅም አስተማሪም ያውቅ ነበር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደ ገና እስከ መሰጠት ደረሰ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግን ተማሪው ከሚማርበት ትምህርት ቤት ወጥቶ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እየገባ እንዲፈተን ተደረገ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም አንዳንዱ በኮምፒውተር ይፈተናል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ወደ 845 ሺህ ከሚሆኑት 27,267 አለፉ፤ ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. 36,409 አልፈው ከመቶ 5.4 ደረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ580 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች 48,929 አልፈው ከመቶ 8.4 ሆነ።

አሐዙ በመጀመሪያ ሲሰማ አገሩ ደነገጠ። ነገር ግን ልጆቹ በአንድ ሌሊት ሰነፎች አልሆኑም። በመደብር ውስጥ የተዛባ ሚዛን ተነሥቶ በማኅተም የተረጋገጠ ሚዛን ሲተካ ትናንት አንድ ኪሎ ሲባል የነበረው ቅቤ ሰባት መቶ ግራም ሆኖ ይገኛል፤ ቅቤው ግን ትናንትም ሰባት መቶ ግራም ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላው አሐዝ ነው። በ2014 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 1,328፣ በ2016 ዓ.ም. 1,363 ሆኑ። ከመቶ ያለፈው ቍጥር በመጠኑ ከፍ ሲል አንድም ያላሳለፈው ትምህርት ቤት ቍጥር አብሮ መጨመሩ፣ ዕድገቱ ለሁሉ እኩል እንዳልደረሰ ያሳያል። በነዚህም ትምህርት ቤቶች ቢሆን የሰኔ ካባ አልተከራየም፣ ሸራ አልታተመም፣ ዋንጫ አልተሰጠም ብሎ የሚምል ነጋዴ አይገኝም።

እንግዲህ በዓሉ ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ልጅ ሲመሰገን ይበረታል፤ ወላጅም ዓመቱን ሙሉ የከፈለውን ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ዐይቶ ሊደሰት ይገባዋል። በጽሕፈቷ ንጽሕና፣ በስፖርት፣ በሥዕል፣ አንድም ቀን ሳትቀር በመገኘቷ የምትሸለም ተማሪ የምትቀበለው የተመዘነ ሽልማት ነው፤ እነዚህን የሚመዝናቸው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነውና በሰኔ ቢሰጡ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ገና ያልታወቀውን እንደ ታወቀ አድርጎ መሸለም ነው። ሁሉም ተማሪ ሜዳሊያ ባንገቱ ላይ አድርጎ በሚወጣበት ግቢ ደግሞ ሜዳሊያው ከትኬት አይሻልም፤ ይህን የሚያውቁት ከሁሉ በፊት ተማሪዎቹ ናቸው።

የመምህራን ሽልማት ከተማሪዎች ሽልማት ይልቅ የሚከብድ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ተማሪዎቹ ከፍተኛ ውጤት ያመጡለት አስተማሪ ነው። ይህ ትክክል ቢመስልም በንግድ ዐይን ሲታይ ጉድለት አለበት። በመቶ ሺህ ብር ጀምሮ መቶ ሃያ ሺህ ያደረሰ ነጋዴና በአምስት ሺህ ብር ጀምሮ አሥራ አምስት ሺህ ያደረሰ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ሲተያዩ ሀብታሙ የመጀመሪያው ነው፤ የተሻለው ነጋዴ ግን ሁለተኛው ነው። ተማሪዎቹን በፈተና መርጦ በአዳሪነት የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉንም ቢያሳልፍ ምስጋና ይገባዋል፤ የያዘው ዋና ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው ብዙ ነበር። በአንጻሩ ከመቶ 20 የማያመጡ ልጆችን ተቀብሎ ወደ 45 ያደረሰ አስተማሪ በአሐዙ ወድቋል፤ ስሙም በሰልፉ ሜዳ አይጠራም። የዚህን አስተማሪ ትርፍ ለማወቅ ልጆቹ ሲገቡ የነበራቸውን ነጥብ መመዝገብና ሲወጡ ካመጡት ጋራ ማስተያየት ይበቃል። ማንኛውም ባለሱቅ በየዓመቱ መጨረሻ ዕቃውን ቈጥሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከአስተማሪውም ሌላ ስሙ የማይጠራ ሠራተኛ በትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ነው። የቤተ ሙከራውን ጠርሙስ ከመሰበር የሚጠብቀው፣ የቤተ መጻሕፍቱን በር ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት የሚከፍተው፣ የተማሪዎችን ውጤት በመዝገብ የሚያሰፍረው፣ በበሩ ላይ ቆሞ የዘገየውን ልጅ በስሙ የሚያውቀው ዘበኛ፣ እነዚህ ሁሉ በወላጆች ቀን ወንበር ሲደረድሩ ይታያሉ እንጂ በወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አይታዩም። ከየሱቁ የሚሰበሰበው የሽልማት መዋጮ ለነዚህ ሰዎች አንድ ዋንጫ ቢተርፍ ለባለሱቁም ኪሣራ አይሆንበትም።

የመዋጮው ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የትምህርት ቤት ኮሚቴ በየመደብሩ እየዞረ ሽልማት ሲለምን ነጋዴው የለመደው ወይ ጥቂት ብር መስጠት ወይ ያልተሸጠ ዕቃ ማውጣት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስም ሕብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ጥሪ ካቀረበ ወዲህ ብዙ የንግድ ሰው ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ቆርቆሮና ወንበር በመስጠት ተሳትፏል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያሳየው ሌላ የሽልማት ዓይነት አለ፤ ይኸውም የሥራ ቦታ ነው። ለአንድ ጐበዝ የሒሳብ ተማሪ የክረምቱን ሁለት ወር በአስመጪ ቢሮ ውስጥ እንዲሠራ፣ የባንክ ሰነድና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በዐይኑ እንዲያይ፣ በየቀኑም አነስተኛ አበል እንዲያገኝ ማድረግ ከመቶ ዋንጫ ይበልጣል። ለአስመጪውም ቢሆን የሚቀጥረውን ሰው አስቀድሞ የሚመዝንበት ቀላል መንገድ ነው። በለቡና በዙሪያዋ ያሉ ጅምላ ሻጮችና ወርክሾፖች ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው አንድ ወንበርና አንድ ትዕግሥተኛ የሒሳብ ሹም ብቻ ነው።

ትዕግሥተኛ የተባለው በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጁ ያበላሻል፤ ቫውቸር ያጠፋል፤ ስልክ ሲያነሣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ሳምንት ግን በሰኔ የተሸለመበት ሒሳብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባዋል።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ ብልህ ባለሱቆች አንድ ነገር ማስተዋል ጀምረዋል። የአገር አቀፉ ውጤት በጳጉሜንና በመስከረም መታወቁ ሁለተኛ የሽልማት ወቅት ፈጥሯል። ውጤቱ በተሰማ በሳምንቱ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ተማሪዎችንና መምህራኖቻቸውን ለማክበር የሚሰናዱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ዋንጫ ቍጥሩ ከሰኔው ያንሳል፤ ጥራቱ ግን ከፍ እንዲል ይፈለጋል፤ ስሙና ነጥቡ በሰሌዳው ላይ በጥንቃቄ እንዲቀረጽበትም ይታዘዛል። በሰኔ ዕቃውን አራግፎ የሸጠ ባለሱቅ በዚህ ጊዜ ባዶ መስኮት ይዞ ይገኛል። በመስከረምም ከአዲስ ዓመት ስጦታና ከደብተር ገበያ ጋራ ስለሚጋጭ ትእዛዝ የሚቀበል ቀራጭ ማግኘት ይቸግራል።

ከውጭ አገር የሚታዘዝ ዕቃ የባንክ ፈቃድ አግኝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ የጉምሩክ ሥርዓት ተፈጽሞለት አዲስ አበባ እስኪገባ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ለመስከረሙ ገበያ የሚያስብ አስመጪ ዋንጫውንና ሜዳሊያውን ከፋሲካ በፊት ማዘዝ ይኖርበታል፤ ሲያዝም ምንም ጽሑፍ ያልተቀረጸባቸውን ሰሌዳዎች ቢያስመጣ ይሻላል። ስሙ የሚጻፈው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ በዚሁ በለቡ ባለው ቀራጭ እጅ ነው።